ስድስት ቀን ለአንድ ሰዓት

ከፖስታ ቤት ጀርባ፣ ከደረጃው ሥር ካለችው፣
በሯ ላይ «ትርጉም፣ ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ» ካለችው፣
ከዚያች ጠባብ ቤቴ ስንቱን መንገደኛ ሸኘሁ፣
ቁጭ ብዬ ዞርኩኝ፣ ቁጭ ብዬ ጎበኘሁ።

ፕራግን ለምሳሌ በቃሌ ነው የማውቃት፣
ለቪዛ ጠያቂ ስንቴ እንደጻፍኳት።
ቀን አንድ፦ ቤተ መንግሥት፣ ከኮረብታው አናት፣
ቀን ሁለት፦ ድልድዩ፣ ሠላሳ ሐውልት ያለበት፣
ቀን ሦስት፦ በጀልባ ወንዙን መንሸራሸር፣
ቀን አራት፦ ሙዚየም፣ ማታ ቀለል ያለ ሽርሽር።
ኤምባሲው አይጠይቅ «ድልድይ ትወዳለህ ወይ?»
ቀኑ ከቲኬቱ መግጠሙ ነው ጉዳይ።

አንድ ሐሙስ ረፋድ ላይ ጋሽ ንጋቱ መጡ፣
ባርኔጣቸውን አውልቀው ከፊቴ ተቀመጡ።
ፒያሳ አርባ ዓመት ሰዓት ሠሪ ናቸው፤
ኪዮስካቸው ፈርሶ፣ ዛሬ ሱቃቸው ሻንጣቸው።
የእህት ልጅ ጠርቷቸው፣ ደብዳቤው በእጃቸው፣
«ስድስት ቀን ጻፊልኝ» አሉኝ። «የት የት ልበል?» አልኳቸው።

«አንድ ቦታ ብቻ። አደባባዩ ላይ፣
ከማማው ወገብ ላይ ሰዓት አለ አይደል ወይ?
እሱን ነው የማየው።»
            «ሌላስ?»
                    «ሌላ የለም።»
«ስድስት ቀን ለአንድ ሰዓት? ጋሼ፣ ይህንን ማንም አያምንም!»
«የቀረውን ሁሉ አምነውሽ ነው?» አሉና ሳቅ አሉ፣
የተጨማደደ ፖስት ካርድ አውጥተው ጣታቸው ከምስሉ፦

«ይኸው ይህ ቀለበት፣ ከዳር ያለው፣ ወርቁ፣
ቀኑን የሚቆጥረው ከጀምበር መጥለቁ።
ጀምበር ዘቅ ስትል እሱ ሀ ብሎ ይጀምራል፤
እኛ ማታ አንድ ስንል፣ እሱም አንድ ይላል።
ስንቱ ፈረንጅ ሱቄ በር ቆሞ ‹ሰዓትህ ተሳስቷል› ሲለኝ፣
‹ስድስት ቀንስ፣ ስድስት ጨምር› ስል ነው ዕድሜዬ ያለቀብኝ።
ለካ እነሱም ጥንት እንዲህ ኖሯል የሚቆጥሩት!
አጠገቡ ልቁምና በዓይኔ ልየው። በቃ፣ ይኸው ነው ምክንያት።»

ጻፍኩላቸው። ግን እንደ ሰው ሁሉ። ድልድዩ፣ ጀልባው፣ ሙዚየሙ።
ከቀን አምስት ግርጌ፣ በደቃቅ ፊደል፦
«ሰዓቱን መጎብኘት። አንድ ሰዓት።»
ቪዛው ተመታ። ሄዱ።

በምሳ ሰዓት ስወጣ፣ ከድንጋዩ አንበሳ ፊት፣
ሁለት ጎብኚዎች ቆመው አየሁ፣ በእጃቸው ወረቀት፤
አንበሳውን አዩ፣ ወረቀቱን አዩ፣ ቁልቁል ወደ ለገሃር፣
አንዱን መስመር ሰርዘው ሄዱ፣ በችኮላ፣ በጸጥታ።
የኔን ከተማ ደግሞ የት አገር፣ ምን ዓይነት ደረጃ ሥር፣
ማን ይሆን ቁጭ ብሎ የሚጽፋት?

በሦስተኛው ሳምንት በሩን ገፋ አድርገው
ጋሽ ንጋቱ ገቡ፣ ካፖርት ደርበው።
«ሰዓቱስ?»
      «ተሸፍኗል።»
              «እንዴት?»
                    «እድሳት ላይ ነው።
ሸራ አልብሰውታል፤ ሸራው ላይ የራሱ የሰዓቱ ሥዕል ነው።
ሕዝቡ ሥዕሉን ፎቶ ያነሳል። እኔ ግን አልተናደድኩም፤
ሰዓት ይበላሻል። አርባ ዓመት ‹ነገ ተመለስ› ያልኩት ሰው ጥቂት አይደለም።»

«ታዲያ ስድስቱን ቀን ምን ሠሩበት?» ብላቸው፣
ወረቀቴን ዘረጉት፣ በአራት የታጠፈ፣ ከደረት ኪሳቸው።
«አንቺ ያልሽውን ነዋ! ቀን አንድ ዳገት ነው፣ ጉልበት ይፈትናል፤
ቀን ሁለትሽ ልክ ነው፣ ሐውልቱን ቆጠርኩት፣ ሠላሳ ይሞላል።
ቀን አራት ሰኞ ነው፣ ዝግ ነበር፤ ይሁን፣ እሱስ ምንም አይደል፤
ቀን ሦስትሽ ነው የጎዳኝ። ጀልባው ላይ እንደዚያ ሲበርድ፣
ምናለ ‹ካፖርት› ብትዪበት?

በአምስተኛው ቀን ማታ ድልድዩ ላይ ሄድኩኝ፣
ከሐውልቶቹ ጋራ ጀምበሯን ጠበቅኩኝ፤
ዘቅ ስትል፣ አሥራ ሁለት ላይ፣ እኔው ሞላሁት ይህን።»

እጃቸውን ዘረጉ። የግድግዳዬ ሰዓት ሰባት ብሏል፤
የእሳቸው ገና ለአምስት ሩብ ጉዳይ ነው።
«ላስተካክለው?» አልኳቸው፣ የሰዓት ሠሪ እጅ ይዤ።
«ተዪው። አልተሳሳተም።»

በማግሥቱ አንዲት ልጅ መጣች፣ ያው ከተማ፣ ያው ስድስት ቀን።
ጻፍኩላት። ቀን አንድ። ቀን ሁለት።
ቀን ሦስት፦ በጀልባ ወንዙን መንሸራሸር፤
እዚህ ላይ ጣቴ ቆመ።
አራት ነጥቡን አጠፋሁና ጨመርኩበት፦
ይበርዳል። ካፖርት።